የካፒቴኑ ዱላ ለምን አጠረ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን «አይዞህ» እያልሽ ታባብይዋለሽ? እማማስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ አባባስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም።

በስልክ «ዱላ እሠራለሁ» ስልሽ «ማንን ልትመታበት?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። የጎልፍ ዱላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቁመቱና በክንዱ ልክ የሚሠራ። ጣጣው ርዝመትና ክብደት እርስ በርስ መጓተታቸው ነው። መጥረቢያን የእጀታውን ጫፍ ይዘሽ ስታነሺውና ብረቱ አጠገብ ይዘሽ ስታነሺው አንድ አይደለም አይደል? ዱላውም ሲረዝም ኳሱን የሚመታው ራሱ ይከብዳል፣ ሲያጥር ይቀላል። ስለዚህ ሳሳጥር ከራሱ ጀርባ ስስ የእርሳስ ብረት ቁራጭ እለጥፍና ሚዛን ላይ አጋድሜ አስተካክለዋለሁ።

ከደንበኞቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው፤ ሁላችንም ካፒቴን እንላቸዋለን። ኩሩ ሰው ናቸው፣ ዕቃቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም። አንድ ቀን ታዲያ ባለቤታቸው ዱላዎቹን ይዘው መጡ። «ትንሽ አሳጥርልኝ፤ እርሳስ ግን እንዳትጨምር። እሱ እንዳይሰማ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ። በመስኮት ብመለከት መኪና ውስጥ የሚጠብቋቸው ከካፒቴኑ ጋር ሁልጊዜ የሚወዳደሩት ጓደኛቸው ናቸው። ነገሩ አላማረኝም። «ተማክረው ዱላውን አበላሽተው ካፒቴኑን ሊያሸንፏቸው ነው» አልኩ በሆዴ። ለአለቃዬ ብነግረው፣ «አንተ ቁረጥ። በሰው ትዳር ውስጥ መጋዝ ይዘህ አትግባ» አለኝ። ቆረጥኩ።

ከወራት በኋላ ባለቤታቸው ተመልሰው መጡ፤ አሁን ደግሞ የድሮውን እርሳስ እንድልጠው። ያው ጓደኛ፣ ያው መኪና። ሲወጡ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ እሱንም የአዞ እንባ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ነው ጥርጣሬ እትዬ፣ አንዴ ከገባ የሚያየው ሁሉ ምስክር ይሆንለታል።

ባለፈው ሳምንት ካፒቴኑ ራሳቸው መጡና ዱላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት። «ሚስቴ የምታስቆርጠው አንተ ጋ ነው?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ክንዳቸውን የሚያደክም በሽታ ይዟቸዋል። ሐኪሙ ለባለቤታቸው ብቻ ነው የነገረው፣ እሳቸው ግን በራሳቸው ደርሰውበታል፤ ጓደኛቸውም ዱላዎቹን ደብቀው በማመላለስ ባለቤታቸውን ያግዛሉ።

«ክንዴ ሲደክም ዱላውም አብሮ እንዲቀል ነው፣ ያልደከምኩ እንዲመስለኝ» አሉኝ። «አብራሪ ነበርኩ'ኮ! ሚዛን ሲዛባ ይጠፋኛል? እሷ ግን አላወቀም ብላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ነገ ደግሞ ስትመጣ ፊትህ ላይ እንዳታነብብህ።»

በነጋታው ባለቤታቸው መጡ። በጥርጣሬዬ እያፈርኩ፣ ፊቴን እንዳያነቡት አንገቴን ደፍቼ ቆረጥኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ግን ጥርጣሬዬ ወደ አንቺ ዞረ፤ አትቆጪኝ። አባባን አገናኝኝ ባልኩሽ ቁጥር «አሁን ወጣ»፣ «ተኝቷል»፣ «ጎረቤት ሄዷል» ነው። አባባ ደግሞ መቼ ነው ጎረቤት መሄድ የጀመረው? በላክሽልኝ ፎቶዎች ሁሉ ተቀምጧል፤ በአንዱ ላይ የእማማ እጅ ከጀርባው ደግፎታል። «አባባ ደህና ነው» የሚለውንም ስትጽፊ ብዕሩን ተጭነሽው ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። እኔን ለማሳረፍ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ካፒቴኑ ከሚስታቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ባይነገራቸውም በእጃቸው ይዘው ያውቁታል። እኔ አንቺ ከምትጽፊልኝ ሌላ ምን አለኝ? ቁርጡን ንገሪኝ።

እማማን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ በዳማ ተሸንፎ ለማያምነው፣ ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽን አቀፍኳት በይልኝ፤ «ለምን ለምን» የምንለውን ትንሹንም መልስ መስጠት ሳትሰለቺ ሳሚልኝ። ለአባባ ግን አንቺ ሰላምታ አታድርሺልኝ። ይህን ደብዳቤ እንዳለ ስጪው፣ ራሱ ያንብበው፤ መልሱንም በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለኝም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከዱላ መሥሪያው ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት 11 ቀን