ሸክም ሲበዛበት ቀጥ የሚለው ባንኮህ

ይድረስ ለሲሳይዬ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። ካለህበት ቦታ ሕመምም ድካምም እንደሌለ ቄሱ ነግረውኛል። እኔ ግን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ ከሄድክ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከተለያየን ወዲህ ሁለተኛውን ፋሲካ ያላንተ ፈስኬ፣ በማግስቱ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። ያው አንዷ ክፍል፣ ያው የጋራ ግቢ። ጣሪያው በጥይት ተበስቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ እደቅንበታለሁ። አልጋው ሥር የነበረው የመሣሪያ ሣጥንህ ተዘርፏል። መላጊያህ የለም፣ መጋዝህ የለም፣ ያ ማንም እንዳይነካብህ የምትከላከለው መሮህም የለም። የተረፈው ታጣፊው ባንኮህ ብቻ ነው። ቤቱን የፈተሹት ሰዎች ከበሩ ኋላ ተደግፎ አይተውታል፤ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ትተውት ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ምን እንደሆነ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ስትሠራው ትዝ ይልሃል? አከራያችን እትዬ ዘነቡ ግቢው መሐል ተገትሮ የሚያድር ጠረጴዛ አልፈልግም አሉህ። ክፍላችን ደግሞ ከአልጋው ሌላ የሚያስገባ ቦታ የላትም። ታዲያ ጠዋት የሚዘረጋ፣ ማታ የሚታጠፍ የሥራ ባንኮ እሠራለሁ ብለህ ተነሳህ። ሁለት ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ጫፍ ለጫፍ በማጠፊያ አያያዝክ፤ እግሮቹ ወደ ሆዱ እንዲገቡ አደረግክ፤ በአራቱም ማዕዘን የእጅ መያዣ ቀዳዳ ፈለፈልክለት። ተዘርግቶ የሰው ቁመት ያህላል። ሲታጠፍ እንደ ሻንጣ ይንጠለጠላል። የሰው ቁም ሣጥን ተበላሸ በተባለ ቁጥር እሱን አንጠልጥለህ ትሄድና ደጃቸው ላይ ዘርግተህ ትሠራ ነበር።

እኔ አልወደድኩትም ነበር፤ አሁን ብነግርህ ምን ይለኛል። ጣቴን ነክሶኛል፣ ቀሚሴን ቀዶብኛል። እንደ ሐራ ገበያ ግመል ሲንበረከክም ያጉረመርማል፣ ሲነሳም ያጉረመርማል እያልኩ እስቅብህ ነበር። አንድ ቀን እህል ላሰጣበት ብዬ መሐሉ ላይ ይታጠፍብኛል ስል ፈራሁ። አንተ ሳቅህና ከነጫማህ ወጥተህ መሐሉ ላይ ቆምክ። ማጠፊያው ከሥር ስለሆነ ከላይ ሲጫኑት ሳንቃውና ሳንቃው ተገጣጥመው ቀጥ ይላሉ፣ ሸክም ሲበዛበት ነው የሚጠነክረው አልከኝ። ገልብጠው ከጫኑት ግን እንደ መጽሐፍ ይከደናል አልክ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ የሰማሁህ በግማሽ ጆሮ ነው።

ከዚያ ታመምክና ሄድክ። የሄድክበት ጊዜ ደግሞ ሰው ከሰው የሚሸሽበት የኮሮና ወቅት ነበር። ከሰው ለቅሶ ቀርተህ የማታውቀውን አንተን፣ ለስንቱ ደሃ የአስከሬን ሣጥን በነጻ የመታኸውን አንተን፣ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆመው ቀበሩህ። ሰው እንዳይሰበሰብ ተከልክሎ ስለነበር እድራችን ቅሬው ድንኳን አልጣለልህም። እኔም ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩልህም፤ ተቀባይ የሌለው ሙሾ እንዴት ይወጣል? ይህ ነገር እንደ ስንጥር ገብቶ ቀረብኝ። በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሳያይ ሞተ፣ ታድሎ ይለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ስንጥሩ ግን አልወጣልኝም።

ጦርነቱ ከተማችን መርሳ የገባው በክረምት ነው። ስልኩም መብራቱም ጠፋ። የልጃችን የብርቄ ባል መኪናውን ይዞ ደሴ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋበትና ብርቄ የመጀመሪያ እርግዝናዋን ይዛ እኔ ዘንድ ገባች። ምጧ የመጣው በጥቅምት ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል፣ ሐኪሞቹም ተበትነዋል። ስንቱን ያዋለዱት እትዬ ዘነቡ ቀኑንም ሌሊቱንም አብረዋት ቆዩ። በነጋታው ሆዷን ዳብሰው ወደ ውጭ ጠሩኝና ልጁ ተጋድሟል፣ ይህ ከእኔ እጅ በላይ ነው አሉኝ። አንዲት አዋላጅ ነርስ መሣሪያዋን ይዛ ግራና ከተማ አጠገብ ወላጆቿ ቤት እንደተጠጋች ያውቃሉ። እሷ ዘንድ ካልደረሰች እናቲቱንም ልጁንም እናጣለን አሉ።

መኪና የለም፤ ቢኖርም ነዳጅ የለም። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ጎበዛዝቱን ሰብስበው መጡ። የቅሬው ቃሬዛ ግን ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ተወስዷል። ጋሽ እንድሪስ ቤቱን በዓይናቸው ሲያስሱ ባንኮህን ከበሩ ኋላ አዩት። ወዲያው አውጥተው ዘረጉት፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ይደግፏታል ብለው ነው መሰለኝ በጀርባው አጋደሙትና ጋቢ አነጠፉበት። ልጄን አንስተው ሊያስተኟት ሲሉ ያ የሽንኩርቱ ቀን ብልጭ አለብኝ። ገልብጡት አልኩ። ጊዜ የለንም አሉኝ። ጋቢውን ገፍፌ ራሴ ገለበጥኩትና እግሮቹን ወደ ሆዱ አጠፍኩ። ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከጫፍና ከጫፍ ሲያነሱት መሐሉ ላይ ወጣሁበት። ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ እንድሪስ ይህን ማን ነገረሽ አሉኝ። ሲሳይ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ ወላሂ አይታጠፍም። አብሽሪ» አሉ።

ብርቄን በመቀነቴ ከሳንቃው ጋር አሰርናት። ወንዶቹ እየተቀባበሉ ከከተማ ወጣን። ፀሐይዋ ስትከፋ ነጠላዬን ከራሷ እስከ እግሯ አለበስኳት። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው የተኛበት ሳንቃ፣ ከላዩ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ የምትከተል እናት፤ ያየን ሁሉ ቀብር መስሎት ተነሳ። በኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ የት አለ? ማሽላ የሚጠብቁት ከማማቸው ወረዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከየደጁ ወጡ። እኔ የምናገርበት ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ጋሽ እንድሪስም ፊታችን ያለውን የታጣቂዎች ኬላ በቀብር ስም ብናልፍ ይሻላል ብለው ነው መሰለኝ ሰውን አላረሙም። ሰው ሁሉ በጦርነቱ የልቡን ሳያለቅስ አጠራቅሞት ኖሮ፣ የማያውቁን ሴቶች እህቴን፣ እህቴን እያሉ መንገዱን በዋይታ ሞሉት። ብርቄ ከነጠላው ሥር እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

አልሞትሽም አልኳት። ታዲያ ለማን ነው የሚያለቅሱት አለችኝ።

«ለአባትሽ ነው» አልኳት።

አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ ከአፌ አመለጠኝ። ካመለጠኝ በኋላ ግን እውነት ሆነ። ሲሳይዬ፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩልህ። የደሃ በር ገጣሚው፣ ሲጠሩት አቤት ባዩ፣ ሲሳይ የኔ ጌታ እያልኩ በስምህ ሙሾ አወረድኩልህ። ሴቶቹ ሟቹ ወንድ መሆኑን ሲሰሙ እህቴን ያሉትን ትተው ወንድሜን አሉ። ተቀበሉኝ። አንድ መንደር ሙሉ ተቀበለኝ። ኬላው ላይ የነበሩት ታጣቂዎች ሌላ ጊዜ ሰው አላሳልፍ ብለው የሚመልሱ ናቸው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ገለል አሉልን፤ አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ልክ እዚያ ስንደርስ ምጡ ጠናባትና ልጅህ ጮኸች። ጩኸቷን ለቅሶው ዋጠው፤ ማንም አልሰማም።

ባንኮህ አንዴም እንኳ አላጉረመረመም።

ነርሷ ደጅ ላይ ነጠላውን ስትገልጥና ብርቄ ውኃ ስጡኝ ስትል ለቀስተኛው ምን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። አንዷ ሮጠች፤ አንዷ እዚያው ቁጭ አለች። ጋሽ እንድሪስ ነገሩን ሲያስረዱና ይቅርታ ሲለምኑ፣ ሴትዮዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ወደየቤታቸው ለመሄድ አሻፈረኝ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ከፊሉ ማርያም ማርያም ይላል፣ ከፊሉ ዱዓ ያደርጋል። ልጁን በእጇ አዙራ፣ በስንት ጭንቅ፣ ወደ ማታ ላይ ነርሷ ሴት ልጅ አለችን። እልልታው ለሴት ስንት ነው፣ ለወንድ ስንት ነው ብሎ የቆጠረ የለም። ለቀብር የወጣ ሰው እልል እያለ ወደ ቤቱ ሲገባ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አጭሩን ልንገርህ። ከተማችን ተለቀቀች፣ መንገዱ ተከፈተ፣ የብርቄ ባል ከስቶና ጠቁሮ መጣ። ክርስትና ስናነሳት አጃቢዋ ብዙ ነበርና አጀቡሽ አልናት። አፍንጫዋ ያንተ ነው፤ ምን ይደረግ። ጠዋት ጠዋት ባንኮህን ግቢው ውስጥ ዘርግቼ፣ ገላዋን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ ፀሐይ አሞቃታለሁ። እትዬ ዘነቡ እንኳ ማታ ማታ ማጠፉን ተይው፣ ባለበት ይደር ብለውኛል። የተከራከርከውን ረታህ ማለት ነው።

ስንጥሩም ወጥቷል። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ነገር የለም። ሰው አልቀበረውም ብዬ አዝንልህ የነበረው ቀረ፤ እጅህ የሠራውን ሳንቃ ያን ሁሉ ሰው አጅቦት አይቻለሁና።

ባለፈው ሰሞን ጋሽ እንድሪስ ባንኮውን ለቅሬው ስጪን፣ ቃሬዛ የለንም ብለው መጡ። ለታመመና ለምታምጥ ሴት በማንኛውም ሰዓት በሬን አንኳኩና ውሰዱት፣ ለሬሳ ግን አልሰጥም አልኳቸው። እሳቸውም እሺ ብለዋል። እስካሁን ሦስት እናቶች ሄደውበት ሦስቱም ታቅፈው ተመልሰዋል። እኔም በሄደ ቁጥር ያንተን ስም አንስቼ እሸኘዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ ይህን አላስታጉልም።

ለሬሳ አልሰጥም ያልኩት ከአንድ ሰው በቀር ነው። የእኔ ቀን ሲደርስ በእሱ ነው ወደ አንተ የምመጣው። ገልብጠው እንዳይጭኑኝም ለብርቄ ከአሁኑ አሳይቻታለሁ።

ያንተው የሽ