ያበጡ እግሮችን ከቤት ያወጡት ሲስተር አልማዜ ገብረወልድ (1960–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር አልማዜ ገብረወልድ ጥር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. በኮልፌ አጣና ተራ፣ አባታቸው አቶ ገብረወልድ ሀንዲሶ አጣና ይሸጡበት ከነበረው ግቢ ጀርባ ባለችው ቤት ተወለዱ። እናታቸው ወ/ሮ ዳመነች ሎምበሶ ይባላሉ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ስለነበር ሰፈርተኛው የሚካኤልን ታቦት አስገብቶ እየጨፈረ ሲመለስ ነው የተወለዱት። እናታቸው እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ፣ «ያ ሁሉ እልልታ ለታቦቱ ይሁን ላንቺ እስከዛሬ አልለየልኝም» እያሉ ያስቁን ነበር። ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ከከምባታ መጥተው ኮልፌን አገራችን ያሉ ብርቱ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ አልማዜ የበኩር ልጃቸው ናቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ኮልፌ ተከታትለዋል። በትምህርታቸው ጎበዝ፣ በጨዋታ አንደኛ ነበሩ። ከአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ግን ከወገባቸው በታች ያለው ሰውነታቸው ብቻውን ይወፍር ጀመር። ወገባቸው ቀጭን፣ እግራቸው ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ወፍራም ሆነ። የሰፈር ልጆች «ምሰሶ» አሏቸው፤ የአጣና ነጋዴ ልጅ ናቸውና ስሙ ቶሎ ተለመደ። ምግብ ቀነሱ፤ ፊታቸው ከሳ፣ አንገታቸው ቀጠነ፣ እግራቸው ግን እንዳለ ቀረ። ማታ ማታ ይጠዘጥዛቸዋል፤ በር ጫፍ ከነካቸው ይበልዛል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ክብደት ቀንሺ» ተብለው ይመለሳሉ። ረጅም ቀሚስ መልበስ የጀመሩት ያኔ ነው።

በ1980 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በወላጆቻቸው አገር በከምባታ በሚገኝ ክሊኒክ ተመደቡ። ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት በብዛት ያዩት እዚያ ነው። እግራቸው ያበጠ ሰዎች ለቅሶ ቤት ከሰው ኋላ ይቀመጣሉ፤ ገበያ ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል፤ ለአክብሮት አይደለም። ሲስተር አልማዜ የሕመምተኞቹን እግር በሳሙና አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ጫማ እንዲያደርጉ መክረው ይሸኟቸው ነበር። ቁስሉ ይደርቃል፣ ሽታው ይጠፋል። እብጠቱን የሚያወርዱበት ነገር ግን በእጃቸው አልነበረም፤ ይህ ለዓመታት ሲቆጫቸው ኖሯል።

በ1986 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ክረምት ደርሶ ቦቲ ጫማ ለመግዛት ያልዞሩበት ሱቅ አልነበረም፤ የአንዱም ዚፕ ባታቸው ላይ አልዘጋ አለ። በመጨረሻ አስኮ ወደሚገኝ አንድ የጫማ መሥሪያ ጎራ ብለው እግራቸው አስቸጋሪ መሆኑን እያፈሩ ተናገሩ። ጫማ ሠሪው ከዕቃው ቀና ሳይሉ፣ «እግርዎ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ጫማው የሚወጠርበት እንጨት፣ ፎርማው ላይ ነው፤ ሌላ ፎርማ እንቀርጻለና» አሏቸው። እኚህ ሰው አቶ ነገሬ ገሜዳ ናቸው። ቦቲው ደረሰ፤ ሲስተር አልማዜ ግን ጠጋኝ የማያስፈልገውን ጫማ ለማስጠገን መመላለሱን አላቆሙም። በ1988 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ1990 ሄቨንን፣ በ1994 ዮሴፍን (ጆሲን) ወለዱ።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስተር አልማዜ ቤት ለቤት እየዞሩ ጤና የሚከታተሉ ነርስ ሆኑ። ይህ ሥራ የእርሳቸው ነበር! ውሻው የሚያውቃቸው፣ ሕፃኑ «ሲስተር መጣች» እያለ የሚሮጥላቸው፣ ያልገቡበት ግቢ የሌለ ሴት ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ወዳለ አንድ ቤት የገቡት የደም ግፊት ሊለኩ ነበር። የቤቱ እመቤት ወ/ሮ ሀያቱ የጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ክንዳቸውን ብቻ አወጡ። ሲስተር አልማዜ ለክተው ሲጨርሱ፣ «እትዬ ሀያቱ፣ እግርዎንስ ልየው?» አሉ።

«እግሬን ተዪው ልጄ። እሱ የሚታይ አይደለም» አሉ ወ/ሮ ሀያቱ።

«እኔም የማላሳየው እግር አለኝ። የኔን ላሳይዎትና ያሳዩኝ።»

ብርድ ልብሱ ተገለጠ። የግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ቆዳው ደድሮ፣ ጣቶቹ መሐል ተሰነጣጥቆ ነበር። ወ/ሮ ሀያቱ ከግቢያቸው ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሱቁን የምትይዘው ልጃቸው አልፊያ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር አልማዜ እግሩን ማጠቡን ተያያዙት። ቁስሉ ደረቀ፤ እብጠቱ ግን አልተነቃነቀም።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማው ስለ እግር እብጠት ሥልጠና ሲዘጋጅ ሲስተር አልማዜ ለምነው ገቡ። አሠልጣኙ አቶ ገብረአምላክ የተባሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበሩ። ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ መሄጃ ሲያጣ እግር ላይ እንደሚጠራቀም፣ ብዙም በማይለጠጥ ፋሻ ከጣት ተጀምሮ ወደ ላይ ሲጠቀለል ደግሞ ሰውየው በተራመደ ቁጥር ፈሳሹ እየተገፋ እንደሚወጣ አሳዩ። ከሁሉ በፊት ደም በደንብ ወደ እግር መውረዱ መረጋገጥ እንዳለበት፣ ሥሩ የጠበበ ሰው ከተጠቀለለ እግሩን ሊያጣ እንደሚችል አጥብቀው አስጠነቀቁ። ሲስተር አልማዜ ዓይናቸው አልተከደነም፤ ለዓመታት የጠበቁት ነገር ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረአምላክ ስለ ሌላ ሕመም ማስረዳት ጀመሩ። «ሁለቱም እግር እኩል ይወፍራል፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ግን አይነካም። ሲጫኑት ያማል፣ ቶሎ ይበልዛል። ሴትየዋ ብትራብ እንኳ እሱ አይከሳም» ሲሉ፣ ሲስተር አልማዜ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይቅርታ መምህር! ይሄማ የኔ እግር ነው!»

ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት፤ በብዙ ሰው ፊት እንዲህ ሲያደርጉ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። አቶ ገብረአምላክ ቀርበው በጥንቃቄ ዳሰሱና፣ «ሲስተር፣ የበሉት ምግብ አይደለም ይህን ያመጣው። ሕመም ነው፤ ሊፖዴማ ይባላል። አይጠፋም፣ ግን በልኩ በተሠራ ጠበቅ ያለ ካልሲ ሥቃዩ ይቀንሳል» አሏቸው። ሥልጠናው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ኮሪደሩ ላይ ሆነው ለባለቤታቸው ደወሉ።

«ነገሬ! ስም አለው! እግሬ ስም አለው!»

«እንዴ፣ ማን አወጣለት?» አሉ አቶ ነገሬ። ያን ቀን ቤታቸው ውስጥ የነበረው ሳቅ፣ በመሐሉም የነበረው ልቅሶ፣ እንዲህ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ሲስተር አልማዜ ፋሻቸውን ይዘው ወደ ወ/ሮ ሀያቱ ቤት በረሩ። መጀመሪያ በጤና ጣቢያው ሐኪም የእግራቸው የደም ዝውውር ታየ፤ ደህና ነበር። ከዚያ ጥጥ አልብሰው፣ ከቁርጭምጭሚት ጠበቅ ወደ ጉልበት ላላ እያደረጉ መጠቅለል ጀመሩ። «እቤት መቀመጥ የለም፤ እኔ ጠቅላለሁ፣ እርስዎ ይራመዳሉ» ብለው በግቢው ውስጥ አንሸራሸሯቸው። በሳምንቱ ፋሻው ላላ። ሲፈቱት የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ብቅ ብሎ ነበር! ወ/ሮ ሀያቱ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይሄ የኔ ነው? ከየት መጣ?» ይሉ ነበር። አልፊያም በዚያው ሰሞን ታጭታ ስለነበር እናቷ በእግራቸው ወጥተው እንዲድሯት መመኘት ጀመረች።

ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ወ/ሮ ሀያቱን በድንገት አተኮሳቸው። እግራቸው ቀልቶ ፍም መሰለ። አልፊያ ደንግጣ፣ «ሲስተር፣ እናቴን በፋሻ አንቀው ሊገድሉብኝ ነው! ሠርጉ ገደል ይግባ፣ እሷ ትኑርልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሲስተር አልማዜ ፋሻውን እየፈቱ፣ «ልክ ነሽ፣ ትኩሳት እያለ አንጠቀልልም። ተቆጪኝ፣ ግን ታክሲ እየጠራሽ ተቆጪኝ» አሏት።

ሐኪሙ መርምሮ ጣቶቹ መሐል በነበረች ስንጥቅ ኢንፌክሽን እንደገባ ነገራቸው፤ መድኃኒትም በደም ሥር ተጀመረ። እነዚያን ቀናት ሲስተር አልማዜ እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል። ሰፈር ውስጥ «አልማዜ ሴትዮዋን በጨርቅ ጠቅልላ ገደለቻት» የሚል ወሬ ዞረ፤ አንዳንድ ቤትም በር ዘጋባቸው። እርሳቸው ግን ጠዋትና ማታ ከሀያቱ አልጋ አልጠፉም። ትኩሳቱ ወርዶ፣ ቅላቱ ጠፍቶ፣ ሐኪሙም ሲፈቅድ ስልካቸው ጮኸ። ወ/ሮ ሀያቱ ነበሩ።

«አልማዜ፣ ፋሻሽን ይዘሽ ነይ። ልጄን ቆሜ ነው የምድራት።»

አቶ ነገሬ በበኩላቸው ለወ/ሮ ሀያቱ እግር ብቻ የሚሆን ፎርማ ቀርጸው ከለስላሳ ቆዳ ጫማ ሠሩ። በሠርጉ ዕለት አልፊያ ከቤት ስትወጣ ወ/ሮ ሀያቱ ያንን ጫማ አድርገው፣ የሙሽራዋን እጅ ይዘው እስከ መኪናው ድረስ ተራመዱ! ጎረቤቱ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏቸው፤ ግቢው ተናወጠ። ሲስተር አልማዜ ከሰው መሐል ሆነው፣ «ቀስ እትዬ! ተረከዝዎን ያስቀድሙ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ወ/ሮ ሀያቱ ዞር ብለው፣ «ዝም በይ አንቺ፣ ዛሬስ እኔ ነኝ የማውቀው!» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ከዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከአስኮ፣ ከየኮንዶሚኒየሙ ሰው መጣ። ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዳቸው ያበጠ እናቶች፣ ከገጠር ዝሆኔ ይዘው የመጡ ወዛደሮች፣ እንደ እርሳቸው «ወፍራም» ተብለው ያደጉ ወጣት ሴቶች መጡ። ሲስተር አልማዜ ለቤተሰብ መጠቅለል አስተማሩ፤ አልፊያ ከሱቋ ጨርቅ እያመጣች በየሰው ልክ የሚታሰር መጭመቂያ አሰፋች። ሲስተር አልማዜም ጠባቡን ካልሲያቸውን እንደ ጌጥ ለብሰው ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ ማድረግ ጀመሩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጤና ጣቢያው ላበጠ እግርና ክንድ ብቻ የሚያገለግል ክፍል ተከፈተ። በሩ ሲከፈት የተነሡት ፎቶግራፍ በዚህ ጽሑፍ ጀርባ ያለው ነው፤ አፋቸው የተከፈተው እየሳቁ ሳይሆን ሠራተኛውን «አልጋውን ወደ መስኮቱ!» እያሉ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናው ተሞክሮ ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ ቤታቸው መሆንን መረጡ። ቤቱ ግን የሕመምተኛ ቤት አልመሰለም፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ሲስተር አልማዜም አልጋቸው ላይ ሆነው የጠያቂውን እግር ሲመለከቱ፣ ሲያርሙ፣ ሲያስቁ ከረሙ። ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ማክሰኞ ይፈጸማል።

ሲስተር አልማዜ ባለቤታቸውን አቶ ነገሬ ገሜዳን፣ ልጆቻቸውን ሄቨንንና ዮሴፍን፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ማኑሄ ገብረወልድን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ከእኅት የማይለዩዋቸውን ወ/ሮ ሀያቱንና ቤተሰባቸውን ትተውልናል።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት የሥራ ባልደረባቸውን ነርስ የኔሰውን አስጠርተው እንዲህ ብለውት ነበር፦ «ማክሰኞ የፋሻ ቀን ነው። ቀብሬ ማክሰኞ ከዋለ ክፍሉ እንዳይዘጋ። እኔን ለመቅበር ብሎ በሽተኛ ጥሎ የመጣ ሰው ካለ፣ ተነሥቼ ነው የምቆጣው!»

የኔሰው ዛሬ ገና ሳይነጋ ክፍሉን ከፈተ። የታጠበው ታጥቦ፣ የተጠቀለለው ተጠቅልሎ አልቋል። ከኋላ በኩል የቆማችሁት፣ ከዚያው በቀጥታ የመጣችሁት እናቶችና አባቶች፣ ወደ ፊት እለፉ፤ ቦታ ተይዞላችኋል።

የፍጥረቱን ሁሉ ድካም የሚያውቅ አምላክ የእኅታችንን፣ የእናታችንን የሲስተር አልማዜን ነፍስ በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ። አሜን።