እንጦጦ ማርያም በር ላይ ብቻዬን

እሑድ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጓደኞቼ ዛሬ አዋረዱኝ። የብስክሌት ውድድራችንን ሳይነግሩኝ ቁስቋም መታጠፊያ ላይ ጨረሱት። መድረሻው በየዓመቱ እንጦጦ ማርያም በር ነው። እኔ ቀድሜ በዝናቡ ዳገቱን ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አንድም ሰው አልመጣም። ወድቀው ይሆን ብዬ ሰግቼ ብመለስ መታጠፊያው ጋ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይስቃሉ።

«አንተ ግትር፣ የት ጠፋህ?» አለኝ ታደሰ። «የልብህን ሕመም ፈርተን ትናንት እዚህ ይብቃ ተባባልን። ከኋላችን ስትደርስ ልናስቆምህ ነበር። ትቀድመናለህ ብሎ ማን አሰበ?»

የቀረበልኝን ሻይ ሳልነካ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ውድድሩ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ዝናብ ነበር» አልኳት።

ካፖርቴ አሁንም ይንጠባጠባል። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ለእነሱም፣ ለእሷም፣ ለዚህ ደብተርም አንዲት ቃል አልተነፍስም።