ጠማማ ነው ተብሎ ስለተቃናው ቧንቧ

ለተከበሩት የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ሁሉ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ የቧንቧ መሐንዲስዎ ግን እንቅልፍ አጥቼ ሰንብቻለሁ፤ ቢሮዎ ድረስ ብመላለስም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከመባል ያለፈ ስላላገኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው በር ላይ ለመለጠፍ በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ከቦይለሩ ክፍል እስከ ማቅለሚያው አዳራሽ እንፋሎት የሚያደርሰውን የብረት ቧንቧ ስነድፍ መሐሉ ላይ እንደ በር መቃን ያጠፍኩትን እጥፋት አይተው «በእኔ ፋብሪካ ጠማማ ነገር አይኖርም» በማለት አስቆርጠው ስላቀኑት እጅግ አመሰግናለሁ። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ይህ ቧንቧ በሙሉ ሙቀቱ አንድ ስንዝር ያህል ይረዝማል፤ እጥፋቱም ያንን ስንዝር እየተሳበ የሚቀበልለት ነበር። ከእንግዲህ ስንዝሯ የት እንደምትገባ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል ነበር፤ እርስዎ ከሁለቱም ማቅናትን አስቀደሙ።

ሁለተኛ፣ ቧንቧው ሲረዝም እንዲንሸራተትባቸው ልቅ የተተዉትን ማረፊያዎች «ይወዛወዛሉ፤ እንግዳ ፊት ያሳፍራሉ» ብለው ከምሰሶዎቹ ጋር ስላስበየዷቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እጅ እግሩን አስረው እሳት የሰደዱበት ብረት መቼም ዝም አይልም፤ በሙከራው ዕለት፣ ገና በግማሽ ሙቀት፣ ቧንቧው እንዴት እንደጮኸ፣ አንዱ ምሰሶ እንዴት እንደጎበጠ፣ እጥፋቱ የነበረበት የቧንቧው ብየዳም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንዳወጣ ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ምሰሶውን ቀለም አስቀቡት።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። ሰኞ፣ ቧንቧው በሚመረቅበት ዕለት፣ እንፋሎቱን በሙሉ ሙቀት የሚለቀው የቦይለር ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ ነው። የሚከፍተው ቫልቭ ያለው ከዚያ ከተሰነጠቀው ብየዳ ሥር ነው። «አልከፍትም በል» ብዬ ብለምነው «እታለም፣ እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያስከፍታሉ፤ እሱስ እናት የለውም?» አለኝ።

ጌታዬ፣ ጨንቆኛል። ማሾፉም አልቆብኛል። እናታችን በዚህ ዕድሜዋ በእንፋሎት የተቀቀለ ልጅ ልትረከብ አይገባትም። ከአደጋው በኋላ አጣሪ ኮሚቴ እንደሚያቋቁሙ አልጠራጠርም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጥፋቱ እስኪመለስና ማረፊያዎቹ እስኪፈቱ ድረስ እንፋሎቱ አይለቀቅ።

ከታላቅ አክብሮትና በቀላሉ ከማይቀና ጠማማነት ጋር፣
ለቀጥተኛነትዎ እጅ የምነሳ
የቧንቧ መሐንዲስዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለምረቃው የተዘጋጀልዎትን ባለ ትራስ ወንበር ከመድረኩ አንስቼ ከወንድሜ አጠገብ፣ ከብየዳው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ቧንቧው እንደወደዱት ቀጥ ያለ ነውና አይስጉ። እዚያ መቀመጡ ከከበደዎት ግን፣ እባክዎ፣ ወንድሜንም እዚያ አያቁሙት።