ዘሀራ የቀደመችኝ ዕለት

ረቡዕ፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ዛሬ የኮሮና ክትባት ተከተብን፤ አልሐምዱሊላህ።

ጎረቤቴ ዘሀራ ስኳር አለባት። ኮሮናው ከያዛት አትተርፍም ብዬ እንድትከተብ ወር ሙሉ ለመንኳት። መልሷ አንድ ነበር፦ «አንቺ ካልቀደምሽ አልነካውም።» እኔም ክትባቱን መፍራቴን አልነገርኳትም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ካለው ክሊኒክ ተራችን ሲደርስ፣ እሷ «ግቢ፣ ታላቄ ነሽ» ስትለኝ፣ እኔ «ኧረ በአላህ፣ አንቺ ግቢ» ስላት ሰልፉን ዘግተን በር ላይ ቆምን። ልጄ ከማል «እማ፣ ላይኑን ብሎክ አደረጋችሁት እኮ!» አለ። መከባበር መስሎታል።

ነርሷ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ክትባቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለበት፣ ከደም ግፊት መድኃኒቴ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ የጠየቅኋትን ሁሉ ሳትቸኩል መለሰችልኝ። «የኔም እናት ፈርታ ነበር፤ አልፈረድኩባትም» አለች። ከማል ይህን ሲተረጉም ዘሀራ እጅጌዋን ሰበሰበች። «አንቺ ጥያቄሽን ጨርሺ፤ እኔ እስከዚያ ልወጋ» ብላኝ ቁጭ አለች። ተከትያት ተወጋሁ።

የነርሷን ስም ሳልጠይቅ መምጣቴ ይቆጨኛል። አላህ ውለታዋን ይክፈላት።

ማታ ለዘሀራ ደወልኩ። «ክንዴን አሞኛል፤ ግን እንዳንቺ አላማርርም» አለችኝ። ከመርፌው ይልቅ ይህን ድምፅ እንዳላጣ ነበር ፍርሃቴ።