በእኔ ስም የተጠራ ደቦ

የካቲት 2፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

መብራት ሄዷል። ዛሬ ብቻ ሦስተኛው። የአዳራሽ መጠየቂያ ደብዳቤው ግማሽ ላይ ቀረ። ያለ ማህተም አዳራሽ የለም፣ ያለ መብራት ደብዳቤ የለም። ስለዚህ ደብተሬ፣ አንቺ ጋ መጣሁ።

አሥራ ሁለት ቀን ቀረን። የኦፕን ሶርስ ሰዎች እንጅባራ ላይ ሊሰበሰቡ! ጠዋት ለኮሌጃችን ዲን «ሚትአፕ» ብላቸው ፊታቸው ተኮሳተረ። ፖለቲካ አለበት? የለበትም። ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ በነጻ ይሠራል፣ የተሠራው ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። «ታዲያ ደቦ ነው አትይኝም!» አሉ። ደቦ ሆኖ ቀረ። ፖስተሩም ላይ «የኮድ ደቦ» አልኩት።

እርሻው ኪቦርዱ ነው። ሁለት ዓመት የደከምኩበት፣ አዊኛ በስልክ የሚጻፍበት። ፊደሉ ተሟልቷል፣ አማርኛ ውስጥ የሌለችው ፊደል ሳትቀር። ቃል ግን ያንሰዋል። በደቦው ቀን ቃል እንሰበስባለን፣ የሽማግሌ ድምፅ እንቀዳለን፣ ኮድ የሚጽፉት ልጆች እዚያው ያስገቡታል።

ምዝገባውን የያዘው ይበልጣል ነው፣ ዳንግላ ሆኖ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወንድሜ ማለት ነው። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ «ይ.» ነው። ዛሬ ፎርሙን ላከልኝ። ያምራል። ለሁሉም አስተላለፍኩት፦ «ቤተሰብ፣ ይቺን ሙሏት፣ እኔ አይቻታለሁ።»

መብራት መጣ። ልሩጥ፣ ሳይሄድ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰዓት

ጥሊሊ ደርሼ መጣሁ። በሚኒባስ፣ እግሬን የድንች ጆንያ ላይ ሰቅዬ። ከዚያ በእግር አያ ፈንታሁን ቤት። ሰባን አልፈዋል። ኪቦርዱ ውስጥ ካለው ቃል ሲሶው የእሳቸው ነው፤ የፈረስ ዕቃ ስም፣ የዛፍ፣ የሣር። በአዊኛ ስም የሌለው ሣር ያለ አይመስላቸውም። እኔ የከተማ ልጅ ስሳሳት ይስቁብኛል።

በደቦው ቀን ድምፃቸው ይቀዳል። ፎርሙን በስልኬ ሞላሁላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። «እስማማለሁ» የምትለዋን እኔው በአውራ ጣቴ ነካኋት። ምንድን ናት አሉኝ። የወግ ናት፣ ሁሉም ጋ አለች አልኩ። «አንች ካልሽ» አሉና እርጎ አስቀዱልኝ።

አርባ አንድ ሰው ተመዘገበ። ይ. ደወለ፤ ያላንቺ ይሄ ነገር አይሆንም ነበር አለኝ። ልቤ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ዛሬ ደስተኛ ነኝ፣ ይጻፍልኝ።

የካቲት 8፣ እሁድ፣ ቅበላ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገ ሁዳዴ ይገባል፣ በሳምንቱ አጋማሽ ረመዳን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾመኛ! የምሳ ጭንቀት ለቀቀኝ ብዬ ስስቅ ሁሴን ደወለ።

ሁሴን ዳንግላ የስልክ ሱቅ አለው። ኮድ ከቪዲዮ ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ረጋ ያለ ሰው። ይቅርታ ጠየቀኝና ስምንተኛው አንቀጽ ምን ማለት ነው አለ። የቱ ስምንተኛ? ከ«እስማማለሁ» በላይ፣ «ዝርዝር» የምትለዋን ንኪያት አለኝ። ነካኋት። ተዘረገፈ።

በዕለቱ የሚጻፍ ኮድ፣ የሚቀዳ ድምፅ፣ የሚሰጥ ቃል በሙሉ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ድርጅት ብቸኛ ንብረት ይሆናል። ሰጪው ራሱ ያለ ፈቃድ መልሶ ሊጠቀምበት አይችልም።

ሦስቴ አነበብኩት። ሁሴን ነጋዴ ነው፣ ሳያነብ አይፈርምም። እኔ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ፣ ተማሪዎቼን ሳታነቡ አትጫኑ እያልኩ የምቆጣ። አላነበብኩም። ይ. ስለላከው።

ስህተት ነው። ከሌላ ቦታ ገልብጦት ነው። እሱ አያደርገውም። ስልክ አያነሳም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ከዳንግላ ተመለስኩ። ስህተት አይደለም።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከይ. ጋር ተቀመጥን። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለግሁ፣ የለም። ከመስከረም ጀምሮ የዚያ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከመስከረም! አምስት ወር ሙሉ እያወራን፣ ፖስተር እየመረጥን፣ እየተሳሳቅን። ኪቦርድሽን የጫነው ስድሳ ሰው ነው አለኝ፤ እነሱ ስልክ ሁሉ ላይ ያደርሱታል፣ ለሕዝቡም የሚሻለው ይሄ ነው። ምናልባት እውነቱን ነው። ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። አንችም ቦታ አለሽ አለና ሻይ ጨመረልኝ።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ። ሰው ደግሞ የሚመጣው ባንች ስም ነው። ፎርሙን መጀመሪያ ላንች የላክሁት ለምን ይመስልሻል?»

ይቺን በተረጋጋ ድምፅ ነው ያላት፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። ደግሞም ክፍት ነው ያልሽው አንች ነሽ አለኝ፤ በርሽን በርግደሽ ሰው ገባብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ? መልሱ የመጣልኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ክፍት ማለት ገብቶ መውሰድ ነው፤ ገብቶ ከውስጥ መቀርቀር አይደለም። አሁን ምን ያደርጋል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሶፍት ሰጡኝ፣ ሐዘን ነው ልጄ አሉ። አዎ አልኩ። ማን ነው የሞተው አላሉኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

«ይ.» ብዬ አልጽፍም ከእንግዲህ። ይበልጣል። ሙሉውን።

የካቲት 11፣ ረቡዕ። ከቀኑ 7 ሰዓት

ማስተማር አቃተኝ። ልጆቹን መልመጃ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ልሰርዘው? ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ዲኑ ደብዳቤ ላይ ፈርመዋል፣ ከባሕር ዳር የተመዘገቡት ትኬት ቆርጠዋል። ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፣ ቆሻሻ ሐሳብ። አዲስ ፎርም እልካለሁ፦ «የመጀመሪያው ተበላሽቷል፣ ይሄንን ሙሉ» ብዬ። ስምንተኛ አንቀጽ የለም፣ ወሬ የለም። ማንም አያውቅም። ሁሴን አፉ የታመነ ነው። ስሜም ይተርፋል።

ጻፍኩት። አልላክሁትም። መጀመሪያ ለአያ ፈንታሁን ልንገር፤ የእሳቸውን የነካሁት በራሴ ጣት ነው።

የካቲት 12፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰዓት

አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው፣ በቀርቀሃ። ተቀመጭ እንኳ ሳይሉኝ ነገርኳቸው፣ እስከ መጨረሻው። ሥራቸውን አላቆሙም።

ድምፄን ወስደውታል አሉ። አልወሰዱም፣ የሚቀዳው ቅዳሜ ነበር አልኩ። ስሙን የጠራሁት ሣር ያኔ የእነሱ ይሆናል? ሣሩ አይሆንም፣ የእርስዎ ድምፅ ግን ይሆናል አልኳቸው። ለልጅ ልጆቼስ ላሰማ ብል? ማስፈቀድ ይኖርብዎታል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ወረቀቱን አንብበሽው ነበር?»

አላነበብኩም አልኩ። ጓደኛዬን አምኜ ነው አልኩ። ሳልጨርሰው ገባኝ፤ እሳቸውም እኔን አምነው ነው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ አልመጣም አሉኝ፣ በትህትና፣ ለእንግዳ በሚናገሩበት አነጋገር። ሲሸኙኝ ግን፦ «የቀሩትስ? እነሱም ባንች ቃል አይደለም የሚመጡ?» አሉ።

እርጎ የለም። ጾም ስለሆነ ነው አልኩ ለራሴ። ጾም ስለሆነ ብቻ ቢሆን በወደድኩ።

የጻፍኩትን አዲስ ፎርም አጠፋሁት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2 ሰዓት ከ40

አዳራሽ። መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍ። መብራት አለ፤ ባልተፈለገ ቀን ይኖራል።

ሠላሳ የሚሆን ሰው ገብቷል። ከጫግኒ ሁለት ልጃገረዶች፣ ላፕቶፕ ለሁለት ይዘው። ሁሴን በር ላይ ነው። የባሕር ዳሮቹ አቧራቸውን እያራገፉ ይስቃሉ። ሁሉም ሲገቡ እኔን ነው የሚፈልጉ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሉኛል፣ እንደ ሠርግ።

ይበልጣል መጣ። ሸሚዙን አስተኩሶ። ድምፅ መቅጃ የያዘ ሰው አስከትሏል። ሰው ፊት ሳመኝ፣ ጉንጬን ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት? ዝም እንደምል እርግጠኛ ነው። ስሟን ትወዳለች ብሎ። ያውቀኛል፣ ስሜን እወዳለሁ።

ፕሮግራሙ «መክፈቻ፦ ይበልጣል» ይላል። እኔው ነኝ ያተምኩት።

ወስኛለሁ። የምከፍተው እኔ ነኝ። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ፣ ስምንተኛውን ሁለቴ። ማን እንዳዘጋጀው እናገራለሁ፣ ሳታነብ ማን እንደላከችላቸውም። ዲኑ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ይስሙ። ከዚያ መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ዳግም አላምንሽም የሚልም ይበለኝ፤ ልክ ነው። አዳራሹ ውስጥ የቀረ ካለ ደቦው ከዚያ ሰው ጋር ይሠራል፣ ያለ ፎርም።

ይበልጣል ተነሳ። ማይኩ ጋ እየሄደ ነው። ልቅደመው