«ደረቴን ከበደኝ» ያልከኝ ቀን

ኑሩዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሌላ ረመዳን እየመጣ ነው፤ ይህን ሳልነግርህ እንዲገባብኝ አልፈለግሁም።

ቤቱ ደህና ነው። አይሱዙህን ወንድምህ ይነዳዋል። እንደ አንተ አይከንፍም፤ ሊማሊሞ ላይ ጉም አለ ከተባለ ደባርቅ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ትቅምበት ከነበረው ክፍል ፍራሹን አንስተን ልጃችን ሐያት ደብተሮቿን ደርድራበታለች። በብርዱም ቢሆን መስኮቱን አትዘጋም፤ አሁንም ጫት ጫት ይሸታል ትላለች። ተቀይማሃለች። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

እዚህ ሰፈራችን አዲስ ዓለም ውስጥ እንዳንተ መኪና የሚያዳምጥ አልነበረም። ከሞተሩ ድምፅ ብቻ የትኛው ብሎን እንደላላ ትናገራለህ። የራስህን ገላ ግን አትሰማም። አንድ ቀን ከአዲ አርቃይ ተመልሰህ ካልሲህን ሳወልቅልህ ተረከዝህ ላይ በደም ተጣብቆ አገኘሁት። የጫማህ ሚስማር ቀኑን ሙሉ ሲወጋህ ውሏል። እኔ ስጮህ አንተ ትስቃለህ። ያን ዕለት ሌሎቹ ሾፌሮች ጉሙ እስኪገፈፍ ሲጠብቁ፣ ትኩሳት ይዞህ እንኳ፣ ስትሄድ በምርቃናህ ብቻህን የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደህ ነበር። ምንም አልተሰማኝም አልከኝ፤ እውነትህን ነበር። ጫቱ ረሃብህንም ድካምህንም ሲወስድ ፍርሃትህን አብሮ ወስዶታል።

እኔ ታዲያ ገላህ ሆንኩልህ። ርቦሃል ብላ፣ በርዶሃል ልበስ፣ ዓይንህ ቀልቷል ዛሬ አትንዳ እያልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን። ይቺ ሴትዮ ከእኔ በላይ እኔን ልትሆን ነው እያልክ ታሾፍብኛለህ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

ረመዳን በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት ራስህን ያምሃል፣ ትነጫነጫለህ። የጫት ሃራራ ነው እልሃለሁ፤ ሃራራም ይሆናል። በመጨረሻው ረመዳን ግን ለሐያት ቃል ገብተህላት ማታም ሳትቅም ሰነበትክ። በአሥረኛው ቀን ግድም ማድ ቤት ገብተህ ሆድህን ይዘህ «ራበኝ» አልከኝ። እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ነበር። እኔ ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ፤ ከተጋባን ጀምሮ ያን ቃል ከአፍህ ሰምቼው አላውቅም።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እዚያው ማድ ቤት በር ላይ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ቆምክ። «ደረቴን ከበደኝ፤ ሐኪም ቤት ብሄድ ምን ይመስልሻል?» አልከኝ። በጉም ቁልቁለት የምትወርደው ሰው ፈርተህ ምክር ጠየቅከኝ። እኔ ሁሉን አዋቂዋ የሳምቡሳውን ሊጥ እየዳመጥኩ ቀና እንኳ አላልኩም። «ምነው ኑሩ፣ ሃራራህ ነው። ሰበብ አትፈልግ።» አመንከኝ። ስለ ገላህ መቼም ከራስህ ይልቅ የምታምነው እኔን ነበር።

ካፈጠርን በኋላ፣ ሃራራ ከሆነማ መድኃኒቱ ይታወቃል ብለህ ጫት አስመጣህ። መከልከል ሲገባኝ ውሃውን ያቀረብኩልህ እኔ ነኝ። ዕቃ አጥቤ ሳልጨርስ ሐያት ከተራዊህ ሰላት ተመለሰች፤ ትራስህን እንደተደገፍክ ነፍስህ ወጥታ ያገኘችህ እሷ ናት። ጫቱም ከጎንህ ነበር።

የአላህ ውሳኔ ነው ይሉኛል፤ አዎ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ሐኪም ቤት የምሰድ ሴት ግን አንተን አስቀረሁህ። ሐያት አባቴ ቃሉን አፈረሰ ብላ ስትቀየምህ እኔ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩ። ልጄን እንዳላጣት ፈርቼ ነው። በራሴ አፈርኩ፣ ኑሩዬ።

የረመዳን ጨረቃ ሳትታይ እነግራታለሁ። አባትሽ ሐኪም ቤት ልሂድ ብሎ ነበር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ቂሙ ወደ እኔ ይዙር። ራሴን አመመኝ ባለችኝ ቁጥርም የያዝኩትን አስቀምጬ አያታለሁ።

አንተን ግን ዱዓ ባደረግሁ ቁጥር የማስታውስህ ማድ ቤቱ በር ላይ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ነው። ያን ቀን ልክ የነበርከው አንተ ነህ። አሁን አምኜሃለሁ።

የሐያት እናት